ከላሜራው ወዲያ

«ይበቃል! ጋሼ፣ ይበቃል! አይግፉት!»

ሳላዲን በጀርባው ተኝቶ፣ ራሱን ከመሪው ሥር አስገብቶ ነበር የሚጮኸው። ሞተሩን ከጋቢናው በሚለየው ላሜራ ላይ አሁን በትራፓኖ በበሳው ቀዳዳ በኩል፣ ትንሽ ጣት የሚያህል ቀይ ሽቦ እየተንሸራተተ ፊቱ ላይ ይወርዳል። ከኮፈኑ በኩል ሽቦውን የሚያቀብሉት የመኪናው ባለቤት ጋሽ በርናባስ ናቸው። የቀዳዳው ጠርዝ ገና አልተሞረደም። የጎማ ቀለበቱም አልገባለትም። ስለታሙ ብረት የሽቦውን ልባስ እየላጠው ነው።

«ጋሼ!»

ሽቦው ቆመ። ሳላዲን እፎይ ብሎ ሞረዱን ፍለጋ ወለሉን ሲዳብስ፣ ከላሜራው ወዲያ የብሎን ቁልፍ ከብረት ሲጋጭ ሰማ። ጋሽ በርናባስ ሽቦውን ባትሪው ላይ እያሰሩት ነው።

«እንዳያስሩት! ፊውዝ የለውም! ጋሼ፣ ተላጧል!»

ጋሽ በርናባስ በጋሞኛ አንድ መዝሙር እያንጎራጎሩ ነበር። ማንጎራጎራቸው አልተቋረጠም። ከፍም ዝቅም አላለም።

ቀዳዳው እሳት ተፋ። ፍንጣሪው የሳላዲን አንገት ላይ ረገፈ፤ የሽቦው ልባስ ፈልቶ መንጠባጠብ ጀመረ፤ የእግር ምንጣፉ ጨሰ። ሳላዲን ትከሻው መርገጫዎቹ መሀል ተቀርቅሮ ለመውጣት ሲታገል፣ ጭሱን እየዋጠ «ይንቀሉት! ይንቀሉት!» እያለ ላሜራውን በቡጢ ደበደበ። ከወዲያ በኩል መዝሙሩ ወደ አዝማቹ ተመለሰ።

እንዴት እንደወጣ አላወቀም። በሩን ገፍቶ ተንከባለለ፣ ዞሮ ሮጠ፣ ሽቦውን በጨርቅ ጨብጦ ከባትሪው ነቀለው። ወዲያው ተመልሶ ጃኬቱን ምንጣፉ ላይ ጣለና በእግሩ ረገጠው።

ጋሽ በርናባስ ቁልፉን እንደያዙ አፍጥጠው ቀሩ። «ምነው ልጄ? እሳት ነው እንዴ?» ካሉ በኋላ የተቃጠለ አንገቱን አይተው ደነገጡ። «ታዲያ ለምን አልጠራኸኝም?»

ሳላዲን አያቸው። የሰውዬው ፊት ላይ ተንኮልም ቸልተኝነትም አልነበረም። ከልባቸው ነው የሚጠይቁት።

ጋሽ በርናባስ የኦቾሎ መንደር ሰው ናቸው። በዚህ ረጅም ላንድክሩዘር እዚሁ ከተማ ካለው ከሲቀላ መናኸሪያ ሰው ጭነው፣ አስፋልቱን ጨርሰው፣ ዓባያ ሐይቅን ቁልቁል እያሳየ የሚጠማዘዘውን ዳገት ወጥተው ኦቾሎ ያደርሳሉ። ሳላዲን በአባቱ በከድር ሱቅ ጎን ይህችን የመኪና ቴፕና ስፒከር መግጠሚያ ሲከፍት፣ ለጀማሪ ልጅ መኪናውን የሚሰጥ ጠፍቶ ሳለ የመጀመሪያዋን መኪና ያመጡለት እሳቸው ናቸው። እህቱ ኢኽላስ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ኦቾሎ አስተማሪ ሆና ስትመደብም አባቷ አደራ ያሉት ጋሽ በርናባስን ነበር። እሑድ ትሄዳለች፣ ዓርብ ትመለሳለች፤ ሁልጊዜ በጋሽ በርናባስ መኪና። ዛሬ እሑድ ነው።

ጠዋት መጥተው «ስፒከሩ ሞቷል፣ ድምፅ የሚያጎላ አምፕሊፋየር ግጠምልኝ» ሲሉት ሳላዲን ቴፑን ከፍቶ ነበር። ስፒከሩ የሞተ አልነበረም። የበሮቹ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ ከወዲያ ማዶ ያለችው ጎረቤት «ኧረ ቀንሱ!» ብላ ጮኸች። ጋሽ በርናባስ ግን ጆሯቸውን አስጠግተው «አየህ? ሞቷል» አሉ። ክላክሱም ደክሟል፣ እሱንም እይልኝ አሉት። ሳላዲን በእርጅናቸው የጎረምሳ ሙዚቃ ያማራቸው መስሎት ስቆ ነበር።

አሁን አልሳቀም። ፊት ለፊታቸው ቆመ። ድምፅ ሳያወጣ፣ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ፣ «እየሰሙኝ ነው?» አለ።

«እሰማሃለሁ እንጂ! ምን ሆነሃል?»

ጋሽ በርናባስ ለአፍታ አዩት። የልጁን አፍ፣ ከዚያም ዓይኑን አዩ፤ ምን እንዳደረጋቸውም ገባቸው። ቁልፉን ባትሪው ላይ ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ይሄ ነውር ነው» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ግራው ቆይቷል። ቀኙ ካለፈው ክረምት በኋላ ነው። ጨርሶ አይደለም፤ ሞተሩን እሰማለሁ… በእግሬም ቢሆን እሰማዋለሁ። መቼ ማርሽ እንደሚፈልግ መሪው ይነግረኛል።»

«ሐኪም አይቶዎታል?»

«ሐኪም ምን እንደሚል አጥቼው ነው? አትንዳ ይላል።»

«ዳገቱ ላይስ? ከላይ የሚመጣው መኪና ጠመዝማዛው ጋ ክላክስ ሲነፋ?»

«ጥግ ይዤ ቀስ እላለሁ። መብራት አበራለሁ።»

«ባለፈው ዓርብ ከአይሱዙ ጋር ልትጋጩ ነበር። ኢኽላስ ነግራኛለች። አይሱዙው ክላክስ ሳይነፋ መጣ ብለዋት ነበር። እሷ ግን ሲነፋ ሰምቻለሁ ብላለች።»

«ቆምኩ አይደል?» አሉ ጋሽ በርናባስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ተሳፋሪዎቹ ከኋላ ሲጮኹ በመስታወት አፋቸውን አየሁት። ቆምኩ!»

«አምፕሊፋየሩ ከገባ በኋላስ ማን ሰምቶ ይጮህልዎታል? እነሱም እኮ ክላክሱን አይሰሙትም!»

ጋሽ በርናባስ ሄደው የመኪናው የፊት መከላከያ ላይ ተቀመጡ። ሳላዲን አብሮ ዝቅ ብሎ ተንበረከከ፤ ካልተንበረከከ ፊቱን አያዩትም።

«ዝም ሲባል ተሳፋሪዎቹ ያወሩኛል» አሉ። «‹ወራጅ አለ› ይሉኛል፣ አልፌያቸው እሄዳለሁ። ባለፈው አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ቤቷን አሳልፌ አወረድኳት። በፀሐይ ዳገቱን በእግሯ ተመልሳ ወረደች። ‹በርናባስ ኮርቷል፣ ሲጠሩት አይመልስም› ይላሉ። ይበሉ። ደንቁሯል ከሚሉኝ ኮርቷል ይበሉኝ። ሙዚቃ ሲጮህ ግን ሁሉም እኔን ይሆናል። ሁሉም በእጁ ነው የሚያወራው፤ ወራጁም ትከሻዬን መታ አድርጎ ይወርዳል። ማንም ማንንም አይሰማም።»

የአንገቱ ቁስል መለብለብ ጀምሯል።

«ትልቋ ልጄ ዘንድሮ ኮሌጅ ትጨርሳለች። ከዚያ በኋላ ወላሂ እተወዋለሁ» አሉ፤ ለእሱ ሲሉ የእሱን መሐላ ተውሰው። «ሽቦውን ጨርስልኝ። ለኢኽላስም አትንገራት። አንተ ካልጨረስክልኝ ሌላ ጋ አስጨርሰዋለሁ። ጠይቆ የሚገጥም ማንም የለም፤ አንተም አልጠየቅከኝም።»

እውነታቸውን ነው። አልጠየቀም።

«አሰላሙ አለይኩም! እስካሁን ኮፈኑ አልተዘጋም?»

ኢኽላስ ቦርሳዋን ይዛ በመኪናው ጎን፣ ከጋሽ በርናባስ ጀርባ መጥታ ቆማለች። «መናኸሪያው በሰው ሞልቷል። ሁሉም ‹ጋሽ በርናባስ የት ሄዱ› እያለ ነው የሚጠይቀኝ። ይሄ ምን ይሸታል? ሳላ፣ አንገትህን ምን ሆንክ?»

ጋሽ በርናባስ አልዞሩም። መሬት መሬት እያዩ ነበር፤ ልጅቷ መምጣቷንም አላወቁም።

ሳላዲን የእህቱን ፊት አየ። አሁን በዝግታ «ዛሬ በሌላ መኪና ሂጂ፣ ይሄ ተበላሽቷል» ቢላት ያበቃል። ጋሽ በርናባስ አይሰሙም። እሷ ትተርፋለች። እሳቸው ሽቦውን ሌላ ጋ አስጨርሰው፣ መናኸሪያ ያሉትን ሰዎች ጭነው ይወጣሉ። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ስለ ሰውዬው ጉድ ፊታቸው ተንበርክኮ፣ እሳቸው እዚያው ተቀምጠው ሳሉ፣ ምንም እንዳልተባለ ሁሉ ማውራት እንዴት ቀላል እንደሆነ ሲያስብ ግን አፈረ።

እጁን ዘርግቶ የጋሽ በርናባስን ጉልበት ነካ። ቀና አሉ። ከጀርባቸው ያለውን በጣቱ አሳያቸው፤ ዞረው ኢኽላስን ሲያዩ ብድግ ብለው ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ሳላዲንም ተነሣ። እህቱን እያናገረ ፊቱን ግን ወደ እሳቸው አደረገ። ከንፈሩን እንዳይስቱት ቃል ከቃል እየለየ፣

«ኢኽላስ፣ የጋሽ በርናባስ ጆሮ አይሰማም። መንዳት የለባቸውም» አለ።

ኢኽላስ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ጋሽ በርናባስ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

«አንተ?» አሉ። «አንተ ነህ ይሄን የምታደርገኝ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

የሚመቱት መሰለው። ቢመቱት ይሻለው ነበር። ኢኽላስ ዞራ ከፊታቸው መጣችና ዓርብ ዕለት የሆነውን ማንሳት ጀመረች፤ መሀል ላይ አቋረጠችው። «ጋሼ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሳያወርዱኝ አልፈው የሄዱ ቀን ተቀይሜዎት ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ይቅር ይበሉኝ።»

የእሷንም ከንፈር አነበቡ። ከዚያ የተለበለበውን ሽቦ ከቀዳዳው ስበው አወጡና ጠቅልለው ለሳላዲን ሰጡት። ኮፈኑን ራሳቸው ዘጉ።

«ዳገት ነድተህ ታውቃለህ?»

«የአባቴን ዕቃ በአይሱዙ ጨንቻ አወጣለሁ።»

«አይሱዙ ሌላ ነው። ይሄኛው ሁለተኛ ማርሽ ላይ ይነጥቃል። ፍሪሲዮኑን ረግጠህ ቆይ።»

የመኪናውን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። መሪው ባለበት በኩል ያለውን በር ከፍተው ቁልፉን ሰኩት፤ መቀመጫው ላይ የነበረውን ትራስ አንስተው ብብታቸው ሥር ያዙ። በኮፈኑ ፊት ዞረው ከተሳፋሪው በኩል ገቡ። ኢኽላስ ከኋላ ገባች።

ሳላዲን መሪውን ያዘ። ሊያመሰግናቸውም ይቅርታ ሊጠይቃቸውም ፈልጎ ወደ እሳቸው ሲዞር፣ ጋሽ በርናባስ በመዳፋቸው አገጩን ይዘው ፊቱን ወደ መንገዱ መለሱት።

«እኔን አትይ፣ መንገዱን እይ» አሉ። «የምትለኝን ስንደርስ ትነግረኛለህ።»