የተተኮሰው አምፕሊፋየር

የከሚሴው ጀይሉ የከብት ደላላ ነው። ሰንበቴ ገበያ ቆሞ የበሬ ጭራ ብቻ አይቶ አያቱ ምን ሣር ይግጥ እንደነበር ይናገራል፤ ካመኑት ደግሞ ሣሩን ያበቀለውን ዝናብ ይጨምራል። ይህ ሁሉ እውቀት ግን አንድ ሳጥን አላዳነም።

ልጁ ዘይቱና ልትዳር ነው። በከተማው ለሰርግ ድምፅ ማጉያ የሚያከራየው በድሩ ነው፤ እሱና ጀይሉ ደግሞ በአንዲት አንካሳ ጊደር ሰበብ ከተኳረፉ ቆይተዋል። ጀይሉ ከመስጊድ ሲወጣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ «ወላሂ! የበድሩ ሳጥን ደጄን ከረገጠ ይችን ጢሜን እላጫታለሁ!» አለ። ጢሙ ሂና የጠጣ ቀይ ጢም ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌሮች የፍሬን መብራት መስሏቸው ስንቴ ቆመውለታል።

ስለዚህ አሮጌ ዕቃ ወደሚሸጠው ሪያድ ሄደ። ሪያድ ሱቁ ውስጥም ጥቁር መነጽር የማያወልቅ ልጅ ነው፤ የሚሸጠውን ላለማየት ይመስለኛል። ጀይሉ የአምፕሊፋየሩን ጀርባ መታ መታ አደረገ፤ ጥርሱን ሊያይ አፉን ፈልጎ አጣ።

«ዕድሜውስ?»

«ገና ጥጃ ነው፣ አባ ዘይቱና። ጅቡቲ ያሉ የአንድ ሽማግሌ ነበር፤ ከዜና በቀር አልሰሙበትም።»

«ዋስትናው?»

«ሦስት ወር። በራሱ ከታመመ አድናለሁ ወይ እለውጣለሁ። ከጣሉት፣ ውኃ ካስገቡበት፣ ከነካኩት ግን እኔ የለሁበትም።»

«እንደ ከብት ነዋ! የሆድ በሽታ በሻጭ፣ ጅብ ከበላው በገዢ።»

«ማሻአላህ፣ ገብቶዎታል!»

ገብቶት ነበር፤ እኔም እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ። እንዲህ አጥርቶ ገብቶት እንዲህ የሚጠፋበት ሰው ግን አይቼ አላውቅም።

ቤቱ ወስዶ አጫወተው፤ ጎረቤት ከተማ ጨፋ ሮቢት ያሉ ውሾች መለሱለት። ይሄኔ ስጋት ያዘው። ሰርግ ግርግር ነው፤ በድሩ ሹልክ ብሎ በራሱ አሮጌ ሳጥን ቢለውጥበትስ? ከብት ገዝቶ ምልክት ሳያደርግ የሚያድር ደላላ የት አለ? የከብት መተኮሻ ብረቱን እሳት ውስጥ ከተተ። አምፕሊፋየር ታፋ የለው፤ ከመብራቱ እንኳ ሳይነቅለው፣ ሽቦው በሚገባበት በኩል ጀርባውን ተኮሰው። ሚስቱ ዓፊያ ጭሱ ሲደርሳት፣ «ምኑን ነው የምታቃጥለው?» ብላ ከጓዳ ጮኸች። ሳጥኑ አንዴ እንደ ወይፈን አጓራና ጸጥ አለ።

ሳጥኑን ታቅፎ በባጃጅ ወደ ሪያድ ከነፈ።

«ማል ታኤ? ምን ሆነ? ይሄ ቁስል ምንድነው?»

«ምልክቴ ነዋ።»

ሪያድ መነጽሩን አወለቀ። «ዕቃ ተኮሱ?»

«ተኩሼ የሞተብኝ በሬ የለም! በራሱ ታሞ ነው!»

«እኔ ደግሞ ለበሬ ዋስትና አልሰጠሁም።»

መንገደኛው ተሰብስቦ ሳቀ። እኔማ የሰው ትከሻ ተደግፌ ነው የሳቅሁት።

የሰርጉ ዕለት ግቢው በእንግዳ ሞልቶ እንደ ለቅሶ ቤት ጭጭ አለ። ዘይቱና ጓዳ ሆና ታለቅሳለች። ዓፊያ ባሏን በር ላይ ያዘችው፤ «ጢምህ ወይስ ልጅህ?»

በድሩ ተጠራ። ሳጥኖቹን ጋሪ ላይ እንደጫነ ከደጁ ውጭ ቆመ፤ ግባ ቢሉት እምቢ። ከኪሱ ምላጭ አወጣና፣ «በአላህ ስም ምለሃል፣ ጀይሉ። እኔ የሰው መሐላ አላስፈርስም» አለ።

ጀይሉ ግቢው ሙሉ እያየው ተላጨ። ጋሪው ያኔ ገባ።

በሳምንቱ ሰንበቴ ሲወርድ በሬዎቹ እንኳ እንደ ልጅ ቆጥረው ገፈተሩት። አምፕሊፋየሩ ዛሬም በረንዳው ላይ ነው፤ ዶሮ ትፈለፍልበታለች። «ጣለው እንጂ!» ስለው አገጩን እያሻሸ፣

«ተው አንተ! አንድ ሌባ ነክቶት ያውቃል? ምልክት አለበት» ይለኛል።