የጎፈሬው ቀጠሮ

ፀጉር አስተካካዩ ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብድግ ይላል። መቀሱን ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል፤ በሩ ላይ ወጥቶ መንገዱን ያያል። ልጁ በኢንተርኔት የተከራየችለት የቀጠሮ መያዣ መተግበሪያ የሙከራ ጊዜው ዛሬ ያበቃል፤ ይቀጥል ወይም ይቅር ማለት የእሱ ፋንታ ነው።

መጀመሪያ፣ «ሱቁን በወር፣ ደብተሩንም በወር ልከራይ?» ብሎ አሹፎ ነበር። ሥራው ግን ሰመረ። ደንበኛው በስልኩ ሰዓቱን መርጦ ይመጣል፣ ተቆርጦ ይሄዳል። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ስለጠፋም ልጅቷ አግዳሚ ወንበሩን ጓዳ አስገባችው። ክፉ አላሰበችም።

መዘዙ የመጣው በጎፈሬው ነው። ጎፈሬው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ አናቱ ላይ ዝንብ ብታርፍ ያዳልጣታል፣ ስሙም የወጣለት ለዚሁ ነው። አንድም ቀን ሳይቆረጥ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የመጣ የሄደውን ሲተርብ ነው የኖረው። ባለፈው ሳምንት ገብቶ መቀመጫ ሲፈልግ ልጅቷ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ቀጠሮ ይዘዋል?» አለችው። ጎፈሬው ወዳጁን፣ ፀጉር አስተካካዩን፣ አየው። ወዳጁ የሰው ፀጉር እየቆረጠ ዝም አለ።

ከዚያ ወዲህ ጎፈሬው ድርሽ አላለም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የዝምታስ ወለምታ በምን ይታሻል? ፀጉር አስተካካዩ ወዳጁ ደጅ ድረስ ሄዶ አፍሮ ተመልሷል። ናፍቆታል፤ ሱቁም ጭር ብሎበታል።

ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ። ልጅቷ አነበበችና ግራ ገባት። ጎፈሬው የሚባል ሰው ለፀጉር መቆረጥ ግማሽ ሰዓት ይዟል፤ ለአሁን።

ጎፈሬው ክራቫቱን አስሮ ገባ። ማንንም ሳያይ መቁረጫው ወንበር ላይ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ጨርቁን አንገቱ ላይ እያሰረ ምን እንደሚያደርግለት ጠየቀው።

«ጎን ጎኑን አሳጥርልኝ። ከላይ እንዳትነካብኝ።»

ለፀጉር አስተካካዩ ሳቅ አልመጣለትም። «ያን ቀን አፌን ምን እንደያዘው አላውቅም» አለ። «በድዬሃለሁ።»

ጎፈሬው በመስታወቱ ውስጥ አየው። «ያለ ትኬት ሰው ጭኜ አላውቅም። ልጅቷ ልክ ናት።»

መቀሱ አየር ይቆርጣል። ቀጣዩ ደንበኛ በሰዓቱ መጣ፤ ስልኩም ጮኸ። ጎፈሬው ጨርቁን ይፈታ ጀመር፤ ዓይኑ በሩ ላይ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ጓዳ ገባና አግዳሚውን እየጎተተ አምጥቶ መስኮቱ ሥር አኖረው።

«አባዬ፣ ይቀጥል ወይስ ይቅር?» አለችው ልጁ።

«ይቀጥል» አላትና ወደ ጎፈሬው ዞረ። «ሰዓትህ አልቋል፤ ተነስና ቦታህ ተቀመጥ።»