ሾርባ የፈላባቸው ችካሎች

ቅጹ ላይ «በቦታው የታዩ የእንቁላል ጉድጓዶች ብዛት» የሚል ሳጥን አለ። ሶራይዳ ከዘጠኝ ቀን ምልከታ በኋላ እዚያ ውስጥ የምታሰፍረው አንድ ቁጥር ብቻ ነበራት፤ ዜሮ። ዜሮው እውነት ነበር። የሚያንገበግባትም እውነት መሆኑ ነው።

አዲሱ የጓሩማል ወንዝ አስተዳደር ዕቅድ፣ ላ ኤንካንታዳ የሚባለውን የአሸዋ ደለል ለጭነት ጀልባዎች መንገድ ሲባል ከሥሩ ተጠርጎ ይነሣ ይላል። ደለሉ የሚተርፈው፣ ቁጥሯ እየተመናመነ የሄደው የወንዝ ኤሊ እንቁላል የምትጥልበት መሆኑ ከተረጋገጠ ነው። አንድ ጉድጓድ ይበቃል። ግን ሁለት ሰው በቦታው ቆሞ በዓይኑ ሊያየው ይገባል፤ አንዷ የዱር እንስሳት አጥኚዋ ሶራይዳ፣ ሁለተኛው ከወንዙ ጽሕፈት ቤት የሚላክ አረጋጋጭ።

ኤሊዎቹ እዚያ እንቁላል እንደሚጥሉ የመንደሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ችግሩ የመንደሩ ሰው ደግ መሆኑ ነው። ከላይ ያለው ግድብ ውሃ በለቀቀ ቁጥር ደለሉ ስለሚጥለቀለቅ፣ የመንደሩ ሽማግሌ ዶን አርጌሚሮና ጎረቤቶቹ በየማለዳው ዱካ ተከትለው እንቁላሉን ያወጡና ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባጠሩት ከፍ ያለ አሸዋ ውስጥ መልሰው ይቀብሩታል። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ የክርስትና አባት ወይም እናት ይሰየምለታል፤ ስሙም በሰሌዳ ይጻፋል። ዘንድሮ አርባ ሦስት ሰሌዳ ቆሟል። ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ ከላ ኤንካንታዳ፣ ስንቱ ከሌላ ደለል እንደመጣ ሰሌዳው አይናገርም።

ይህን የሚናገሩት ችካሎቹ ነበሩ። ዶን አርጌሚሮ እንቁላል ባወጣበት ቦታ ሁሉ፣ ዳግመኛ በከንቱ እንዳይቆፍር፣ የቀርከሃ ችካል ይተክል ነበር። ሶራይዳ ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀራት ግን መንደሩ «ከከተማ እንግዳ ይመጣል» ብሎ ደለሉን ጠረገ፤ ችካሎቹን ነቀለ፤ ነቅሎም ለእንግዳዋ የዓሣ ሾርባ ቀቀለባቸው።

«በማስረጃዬ እሳት የተቀቀለ ሾርባ!» አለች ሶራይዳ ነገሩን በሰማች ቀን። «ሁለት ሳህን በላሁ!»

«ሦስት ነው» አለ ዶን አርጌሚሮ። «ቁጥር ከወደድሽ አስተካክለሽ ቁጠሪ።»

«ስንት ችካል ነበር?»

«ብዙ።»

«ብዙ ስንት ነው?»

«ሾርባው በደንብ በስሏል። ከዚያ ገምቺ።»

«ግምት አልጽፍም። ያየሁትን ነው የምጽፈው።»

«እኔ አይቼ የለ እንዴ?»

«እርስዎ አጥኚ አይደሉም፣ ዶን አርጌሚሮ።»

«ልክ ነሽ። እኔ ሠላሳ ዓመት ያየሁ ብቻ ነኝ።»

ከዚያ ወዲያ ለዘጠኝ ቀን ላ ኤንካንታዳ ላይ አንዲት ኤሊ አልወጣችም። ወቅቱ እያለቀ ነበር።

አረጋጋጩ ኢንጂነር ካማርጎ ለጠዋት ሦስት ሰዓት በቀጠረበት ሐሙስ፣ ሶራይዳ ገና ጎህ ሲቀድ ከታንኳው ወርዳ አሥር እርምጃ ሳትሄድ ቆመች። ከውሃው የወጣ ዱካ፤ በግራና በቀኝ የጥፍር ጭረት፣ በመካከሉ የደረት ጉተታ። ዱካው በሚያበቃበት አሸዋው እርጥብና ድልድል ያለ ነበር። ተንበርክካ በጣቷ ከፈተችው። እንቁላል! ጥልቀቱን ለካች፤ ከውሃው ያለውን ርቀት ለካች፤ አራት ሜትር ከሃያ። ቁጥሩን ሁለቴ አረጋግጣ ጻፈች።

ዶን አርጌሚሮ ቅርጫቱን ይዞ ደረሰ። «በይ ፈቀቅ በይ፣ ላውጣቸው።»

«እንዳይነኩ! ሰውዬው በሦስት ሰዓት ይመጣል። አይቶ ይፈርም፤ ከዚያ ያወጧቸዋል።»

«ወንዙም ቀጠሮ አለው፣ ልጄ። ግድቡን ከፍተውታል። ደግሞ ሌሊት የተጣሉ ናቸውና ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ከተነኩ ውስጣቸው እንደሚሞት አጥተሽው አይደለም።»

«ሦስት ሰዓት ከስድስት በፊት ነው።»

«ለጽሕፈት ቤት ሰውም?» አለና አሸዋው ላይ ተቀመጠ።

ሶራይዳ በየሰዓቱ ለካች። በሦስት ሰዓት ውሃው ሦስት ሜትር ከስልሳ ቀረው። በአራት፣ ሁለት ከዘጠና። በአምስት፣ ሁለት ከአሥር። የሞተር ድምፅ የለም። ስልክ የሚሠራበት ብቸኛ ቦታ የሆነው የወደቀ ግንድ ላይ ወጥታ ለካማርጎ ደወለች።

«ሶራይዳ እህቴ! አልነገሩሽም እንዴ? መኪናው ለስብሰባ ተወሰደ። ከተመለሰ በስምንት ሰዓት እደርሳለሁ፤ ካልሆነ ሰኞ።»

«ሰኞ ውሃ ነው የሚያገኙት! ጉድጓዱ እዚህ አለ። ፎቶ አንሥቻለሁ፣ ለክቻለሁ…»

«ጎበዝ። ግን ያላየሁትን እንዴት ልፈርም? አንቺም ብትሆኚ አትፈርሚም።»

የራሷ ቃል በሰውዬው አፍ ሲነገር ሰምታ ከግንዱ ወረደች።

«በስምንት ሰዓት ከመጣ ደለሉ ተረፈ» አለች። «እስከዚያ ከጠበቅን ግን እንቁላሎቹ አይነኩም፤ እዚያው ውሃ ይበላቸዋል። አሁን ካወጣናቸው የሚያየው ባዶ ጉድጓድ ነው።»

ዶን አርጌሚሮ አላሾፈም። «ሰውዬው ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ቀጥሮሻል?»

«ዛሬን ጨምሮ አራት።»

«ስንቴ መጣ?»

ሶራይዳ ጉድጓዱን አየች፤ ከዚያ ሰዓቷን። አምስት ከአርባ ነበር።

«ዜሮ» አለች። «ቅርጫቱን ያምጡ።»

እንቁላሎቹ ሲወጡ የላዩ ወደ ላይ እንደሆነ እንዲቀር በእያንዳንዱ አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ አደረገች። ሃያ ሁለት ነጥብ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ቀብረው ሲጨርሱ ዶን አርጌሚሮ ሰሌዳና ቀለም አነሣ።

«የክርስትና አባቱ ማን ይሁን?»

«ኢንጂነር ካማርጎ።»

«እንዴ! የክርስትና አባት እኮ ሲፈለፈሉ መገኘት አለበት።»

«ይጻፉት። አምስተኛ ቀጠሮው ይሁን።»

በስምንት ሰዓት ውሃው ጉድጓዱ ጋ ደረሰ። ከወንዙ በቀር የመጣ አልነበረም። ሶራይዳ ግንዱ ላይ ወጥታ ደወለች።

«አንድ ብዬ ጽፌያለሁ» አለች።

«ያልተረጋገጠ አንድ ዜሮ ነው፣ እህቴ። ዜሮ ብለሽ ፈርመሽ ላኪ፤ ያለ አንቺ ፊርማ ፋይሉ አይንቀሳቀስም። ጠራጊው ጀልባ በወሩ መጨረሻ ይገባል።»

«እስከ ትናንት ቢጠይቁኝ እፈርም ነበር፤ ምንም አላየሁምና። ዛሬ አይቻለሁ። አልፈርምም።»

«ፋይሉ እስከሚመጣው የኤሊ ወቅት ሊቆም ነው እኮ! ለሚመጣው ዓመት ሥራ ስምሽ እንደማይነሣስ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል» ብላ ዘጋች። ደለሉ አንድ ዓመት አገኘ፤ እሷ ሥራ አጣች። ምንም ደስ አላላትም። ይህ ሁሉ አንድ መኪና ባለመምጣቱ ነው፤ ከዚያም በፊት በአንድ ድስት ሾርባ።

ከድንኳኗ ሥር የብረት ችካሎቿን ነቅላ አመጣችና ዶን አርጌሚሮ እግር ሥር ጣለቻቸው።

«በሚመጣው ዓመት በየጉድጓዱ እነዚህን ይትከሉ። እኔ ባልኖርም ሌላ ይቆጥራቸዋል። ብረት ናቸው፤ ሾርባ አይቀቀልባቸውም።»

ዶን አርጌሚሮ አንዱን አንሥቶ ሹል ጫፉን በአውራ ጣቱ ሞከረው።

«ዓሣ ግን ይጠበስበታል» አለ።