ኦፓል ለውድድር የያዘችው ሽጉጥ

ጡረታ የወጣችው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ኦፓል፣ በስድሳ አንድ ዓመቷ የመጀመሪያ የተኩስ ውድድሯ ረፍዶባት ከኔቫዳ ወደ ካሊፎርኒያ መኪናዋን ስታበር ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖሊስ አስቆማት። ሁለት እጇን መሪው ላይ አደረገች።

«ልጄ፣ ለተኩስ ውድድር እየሄድኩ ስለሆነ ሽጉጥ ይዣለሁ። ሕጋችሁ እንደሚለው ጥይቱን አውጥቼ፣ ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።»

ወጣቱ ፖሊስ የሣጥኑን ቁልፍ ነካ ነካ አድርጎ አየና ሳቀ። «ሁሉም እንደ እርስዎ በሆነ! ፍጥነትዎ ግን የአውሮፕላን ነው እኮ። በሉ ቀስ ብለው ይከተሉኝ፣ የውድድሩ ሜዳ ድረስ አደርስዎታለሁ!»

ኦፓል ልክ ስሟ ሲጠራ ደረሰች። ከአርባ ተወዳዳሪ ሦስተኛ ወጣችና ወዲያው ለባሏ ደወለች።

«ድዋይት፣ ሦስተኛ! ሰማኸኝ? ሦስተኛ!» እያለች እንደ ልጅ ትዘል ነበር።