የአባቱ ወንድም

"ምንዎ ነው ቢሉዎት?"

"ልጄ።"

ከፋለ ቁልቁለቱ መሐል ቀጥ አለ። "አባ፣ ወንድሜ ነው የሚሉት። ከትናንት ጀምሮ ስንት ጊዜ ተነጋገርን?"

"እሺ፤ ወንድሜ።"

"የማን ልጅ ነው ቢሉዎትስ?"

አቶ ሞላ ዱላቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ። "የአባቴ" አሉ፣ ጥርሱን እንደሚያስነቅል ሰው አፋቸውን አጣመው።

ከአሸተን ማርያም ሥር ካለችው መንደራቸው ላሊበላ ከተማ ለመውረድ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ዛሬ ግን አባት በተሳሳቱ ቁጥር ልጅ እየቆመ፣ ልጅ በቆመ ቁጥር አባት እየተቀመጡ፣ ሦስተኛው ሰዓት ተጋምሷል። ሰኔ ደርሷል። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ አኩርፏል። የእርዳታ እህል አራግፎ የሚመለሰው፣ የከፋለንም ፖስታ ደሴ የሚያደርስለት መኪና እኩለ ቀን ላይ ይነሣል፤ ከእሱ በኋላ መንገዱን ጭቃ ይዘጋዋል፣ እስከ መስከረም የሚከፍተው የለም። ከፋለ ይህን ሁሉ ያውቃል። ለዚህም ነው ቆሞ መቆም፣ ሄዶም መሄድ ያቃተው።

ነገሩ የመጣው ከእህቱ ከብርቅዬ ነው። ብርቅዬ የአቶ ሞላ የበኩር ልጅ ናት። በአገሩ ልማድ የበኩር ልጅ ጡት ስትጥል ለአያት ትሰጣለች። ብርቅዬም ከተማ፣ አያቷ ገብረመስቀል ቤት ገባች። ትምህርት ቤት የወሰዷት እሳቸው ናቸው። መምህሩ "የአባት ስም?" ብሎ ሲጠይቅ ሽማግሌው ስማቸውን የተጠየቁ መስሏቸው "ገብረመስቀል" አሉ፤ መምህሩም ጻፈ። በዚያች አንዲት መስመር ብርቅዬ የገዛ አባቷ እህት ሆነች። ቅር ያለው ሰው አልነበረም፤ መንደሩ ወረቀት አያነብም።

የአሜሪካ መንግሥት ግን ያነባል። ብርቅዬ ከአብዮቱ በፊት ከአንዲት የውጭ አገር ነርስ ቤተሰብ ጋር ሄዳ፣ እዚያው ቀርታ፣ እጇን አንሥታ ምላ ዜጋ ሆነች። ዜጋ እንደሆነችም ወንድሟን በቋሚ ነዋሪነት ለማስመጣት አመለከተች። ሰዎቹ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጡ፤ ብርቅዬ ገብረመስቀል፣ ከፋለ ሞላ። ከዚያም በትሕትና አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ ሞላ ማነው?

"እዚህ አገር ስማቸው ያልገጠመ ወንድምና እህት የለም" ብላ ጻፈችለት። "አባታችን አንድ መሆኑን የሚያስረዳ ማስረጃ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ካልደረሰ ማመልከቻው ይዘጋል። እንደገና ብንጀምር ከሰልፉ ኋላ ነው፤ ሰልፉ ደግሞ የዓመታት ነው።"

ከፋለ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ሥራው በአንድ ሆቴል እንግዳ መቀበል ሲሆን፣ እንግዳ ከመጣ ግን ሰንብቷል፤ የሚቀበለው ለስብሰባ የሚመጡትን ነው፣ እነሱም እንግዳ መባል አይወዱም። ብሔራዊ ውትድርናው በመጀመሪያው ዙር ጎረቤቱን፣ በሁለተኛው ዙር የክፍል ጓደኛውን ወስዷል። ሦስተኛው ዙር መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ባይኖርም እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። አሜሪካ እንደ ነገ እንደማይደረስ ከፋለ አላጣውም። ቢሆንም፣ የሆነ ቦታ ስሙ የተጻፈበት የተከፈተ ፋይል ያለው ሰው አቀማመጡ እንኳ ይለያል።

መፍትሔውን ያመጡት ቄስ ውዱ ናቸው።

"ብርቅዬን ወደ ሞላ መመለስ አይቻልም፤ አሜሪካ ገብታለች" አሉት። "አንተን ወደ ገብረመስቀል መውሰድ ግን ይቻላል፤ እዚሁ ነህ።"

"ውሸት አይሆንም፣ አባቴ?"

"ወንጌሉ ጌታን የዳዊት ልጅ ይለው የለም እንዴ? ዳዊት ከሞተ ስንት ትውልድ ሆነው? እኔ የዘለልኩት አንድ ብቻ ነው።"

እናም "ከፋለ ገብረመስቀል" የሚል የክርስትና ምስክር ወረቀት ጽፈው የቤተ ክርስቲያኑን ማኅተም መቱበት። የቀረው የአስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት ማረጋገጫ ነበር፤ ለእሱም የቤተሰቡ ታላቅ ቀርቦ መመስከር አለበት። የቤተሰቡ ታላቅ ደግሞ አቶ ሞላ ናቸው። ስለዚህ አቶ ሞላ የልጃቸው አባት አለመሆናቸውን ለመመስከር የእርሻቸውን ቀን ትተው ወረዱ።

ጠዋት ሲወጡ እናቱ ይማርሽ በር ላይ ቆመው "እኔስ ምኑ ልሆን ነው?" ብለው ነበር። በቄስ ውዱ ስሌት ይማርሽ የወለዱት፣ ያጠቡት፣ ድክ ድክ ያስባሉት ልጅ ዛሬ የባላቸው ወንድም፣ ማለት ዋርሳቸው ሆኖ አርፏል።

"አንድ ነገር እንዳትረሳ" ብለው ነበር ቄሱ። "ወንድም አንቱ አይባልም። አያ ሞላ በለው፤ አንተ በለው።"

ከባዱ ይህኛው ነበር። ከፋለ በዕድሜው ሙሉ አባቱን አንተ ብሎ አያውቅም፤ በልቡ ሲቆጣቸው እንኳ የሚቆጣቸው በአንቱታ ነው።

"አያ ሞላ" አለ ቁልቁለቱ ሲያልቅ፣ ለልምምድ። "ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ተጠንቀቅ... ይጠንቀቁ።"

አቶ ሞላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። "እግርህ አሜሪካ ሊደርስ ነው፤ ምላስህ ግን ገና ከቤት አልወጣም።"

ጽሕፈት ቤቱ ሲደርሱ አምስት ሰዓት አልፏል። ማኅተሙን የያዘው ካድሬ ሸዕባን ይባላል፤ ከቆላው፣ ከደሴ መንገድ ዳር ከተሞች ከአንዱ ተመድቦ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። ከፋለ ተስፋ ያደረገውም በዚሁ ነበር፤ የከተማው ሰው ሁሉ የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል፣ የማያውቀው ባለማኅተሙ ብቻ ነው። ከካድሬው ራስ በላይ ግድግዳው ላይ የሦስት ጺማም ሽማግሌዎች ሥዕል ተሰቅሏል። አቶ ሞላ ሲያዩዋቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እነዚህስ ወንድማማቾች ናቸው?" አሉ ዝግ ብለው።

"ዝም ይበሉ" አለ ከፋለ በጥርሱ መሐል።

"የአባት ስማቸው ይገጥማል ወይ ብዬ ነው።"

ሸዕባን ማመልከቻውን አነበበ። "የዝምድና ማረጋገጫ። ለምን እንደፈለግኸው አልጠየቅሁህም፤ አንተም እንዳትነግረኝ። ምስክሩ እኒህ ናቸው?"

"አዎ፣ ጓድ። ታላቅ ወንድሜ ነው። አያ ሞላ።"

ሸዕባን የሽማግሌውን ሽበት፣ ከዚያ የልጁን ጉንጭ፣ እንደገና ሽበቱን አየ። "ታላቅስ ታላቅ ናቸው" አለ።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ትርፍ ወንበር ነበር። አቶ ሞላ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው እንደቆሙ ናቸው፤ ከመንገዱ የተነሣ ዱላቸው ላይ ተደግፈዋል። ከፋለ ይህን አየ፤ ከዚያ በኋላ የተናገረው እሱ ሳይሆን ምላሱ ነው።

"አባ፣ ይቀመጡ እንጂ።"

ሸዕባን ብዕሩን አስቀመጠ።

"ወንድምህን አንቱ ትላለህ?"

"በላስታ ታላቅ ይከበራል፣ ጓድ።"

"አባ የሚለውስ?"

"አባ... የቤት ስማቸው ነው። ስሙ። የቤት ስሙ።"

ካድሬው ወደ አቶ ሞላ ዞረ። "አባት፣ እስኪ እርስዎ ይንገሩኝ። ይህ ልጅ ምንዎ ነው?"

ከፋለ ከካድሬው ጀርባ ዘወር ብሎ በከንፈሩ ብቻ "ወንድሜ" አለ። ደገመው። አባቱ አዩት፤ ማየታቸውን አየ። ከዚያ ዓይናቸውን ከሱ ላይ አነሡ።

"ብርቅዬ የምትባል ልጅ አለችኝ" አሉ።

"ስለሷ አልጠየቅሁዎትም።"

"አውቃለሁ። ስለሷ እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው።" ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። "ጡት ስትጥል አባቴ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁ፣ ወግ ነው። ትምህርት ቤት ስትገባ በሱ ስም ተጻፈች አሉኝ። አባቴን ምን ልበለው? ዝም አልኩ። ባሕር ልትሻገር ስትል የፈረመላት እሱ ነው፤ እኔን ፈርም ያለኝ አልነበረም፣ አባቷ አይደለሁማ። ሸኝቼ ተመለስኩ፣ እንደ ጎረቤት። አሁን ደግሞ ይሄኛውንም ስጥ ይሉኛል። ለአባቴ አንድ ሰጥቻለሁ፣ ነፍሱን ይማረው። ሁለት አልሰጥም። ልጄ ነው። እሷም ልጄ ናት። የሚጻፍ ከሆነ ይሄ ይጻፍ።"

ከፋለ ከውጭ የመኪናውን ሞተር ሲያሞቁ ሰማ፤ ወይም የሰማ መሰለው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያለማመደው ምስክር፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ የራሱን ንግግር ሲለማመድ ኖሯል።

ሸዕባን ተነሣ። ለቅጣት የሚነሣ መስሎት ከፋለ ወደ ግድግዳው ሸሸ። ካድሬው ግን በሩን ዘግቶ ተመለሰ።

"እኔ ሸዕባን መሐመድ ነኝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "መሐመድ አያቴ ነው፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። በፓርቲው መዝገብ የአባቴ ወንድም ነኝ። አምና አባቴ ሊጠይቀኝ የነበርኩበት ቢሮ መጥቶ ዘበኛው 'ወንድምዎ ስብሰባ ላይ ናቸው' አለው። ሰውየው እስካሁን አኩርፎኛል።" ወረቀት ሳበ። "የልጅቷ ሙሉ ስም ማን አሉኝ?"

ጻፈ። ጽፎም ጮክ ብሎ አነበበው፦ ብርቅዬና ከፋለ የአቶ ሞላ ገብረመስቀልና የወይዘሮ ይማርሽ ልጆች መሆናቸውን፣ ብርቅዬ በገብረመስቀል የምትጠራው አያቷ ስላሳደጓት በአገሩ ልማድ መሆኑን፣ ይህም ማንንም ለማሳሳት ያልተደረገ መሆኑን። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ ተነፈሰበትና መታው። አቶ ሞላ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፈረሙ።

"የኔ ስም የትኛው ነው?"

ሸዕባን አሳያቸው።

"የሷስ?"

አሳያቸው። ሽማግሌው በሌላው እጃቸው ንጹሕ ጣት ከአንዱ ስም እስከ ሌላው ያለውን ለኩ። "ቅርብ ነው" አሉ።

ከፋለ መንገዱ ዳር ሲደርስ ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ገብቷል። በግራ እጁ የቄስ ውዱን ወረቀት፣ በቀኙ የሸዕባንን ይዞ ቆመ። የቄሱ ከብርቅዬ ፋይል ጋር ፊደል በፊደል ይገጥማል፤ የቤተ ክርስቲያን ማኅተም ስላለው ብቻውንም ሊያልፍ ይችላል። የሸዕባን እውነት ነው፤ እውነትነቱ ግን እህቱ አሥራ ስድስት ዓመት የፈረመችበትን ስም ያስጠይቃል።

"ይሄ እሷን ውሸታም ያደርጋታል" አለ።

"አልዋሸችም። ሰው ነው የጻፈባት።"

"አሜሪካኖች ይሄን የት ያውቁታል?"

"ተጽፎላቸው የለ? ያንብቡት።" አቶ ሞላ ልጃቸውን ለጥቂት ጊዜ አዩት። ከዚያ ድምፃቸው ለዘብ አለ። "የቄሱን ብትልክ አልቀየምህም። ማንበብ አልችል፤ የቱን እንደላክህ አላውቅም።" ይህን ብለው ሄደው መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውት ተቀመጡ።

ከፋለ የቄሱን ወረቀት ፖስታው ውስጥ ከተተ። አወጣው። የሸዕባንን ከተተ። እሱንም አወጣው። ሦስተኛው ዙር ትዝ አለው፤ በሁለተኛው የተወሰደው የክፍል ጓደኛውም ከመኪና ላይ ሆኖ እጁን ያወዛወዘበት ቀን። የቄሱን መልሶ ከተተ።

"አንተ ልጅ" አለ ሹፌሩ በመስኮት፣ "ወረቀቱን እያለበስከው ነው ወይስ እያወለቅከው? ዝናቡ እንዲያስርህ ከፈለግህ እኔን አትጨምረኝ።"

"አንዴ፣ አንዴ።"

"የላኪውን ስምም ጻፍበት። ስም የሌለው ፖስታ ኬላ ላይ ያስጠይቀኛል።"

ከፋለ ፖስታውን የመኪናው ጭቃ መከላከያ ላይ አስደግፎ ብዕሩን አወጣ። ከፋለ ብሎ ጻፈ። ቆመ። የአባቱን ጀርባ አየ፤ ጋቢያቸው እስከ ወገባቸው የመንገዱን አቧራ ለብሷል፤ አንገታቸውን አላዞሩም። የቄሱን ወረቀት ከፖስታው አወጣና አጥፎ ኪሱ ከተተው። የሸዕባንን አስገብቶ ፖስታውን በምላሱ አረጠበ፣ በመዳፉም ተጫነው። ከዚያ ብዕሩን መልሶ አነሣ፤ ከፋለ ካለው ቀጥሎ ሞላ ብሎ ጻፈ፤ ቦታ ስለተረፈው ደግሞ ገብረመስቀል ጨመረ። ሦስቱም በየተራቸው ተሰለፉ።

መኪናው ሲነሣ የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ወረደ። ከፋለ ኪሱ ውስጥ ያለውን ወረቀት በጣቶቹ እያሸ ወደ ድንጋዩ ሄደ።

"ዝናቡ መጣ፤ እንሂድ" አለ።

አቶ ሞላ አልዞሩም። "ማነው የሚጠራኝ? ወንድሜ ነው ወይስ ልጄ?"

"ይነሡ ነው የምልዎት" አለ ከፋለ።