ሐሙስ ይወጣል

የጋራዡ ቁልፍ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ለማጽናናት የመጣው ሰው ካፖርቱን እየደራረበበት ሦስት ቀን ሙሉ ተሸፍኖ ነበር። ሐሙስ ወደ ማታ አንዲት እንግዳ ካፖርቷን አንስታ ስትሰናበት ግን ባል የሞተባት ሴት አየችውና ክው አለች። ባሏ በሩን ከቆለፈ ቁልፉን ኪሱ ነው የሚከተው፤ ሚስማሩ ላይ የሚሰቅለው ጋራዡ ክፍት ሲሆን ብቻ ነው። ማታ ማታ «ቆለፍክ?» ስትለው፣ ኪሱን መታ መታ አድርጎ «ቆልፌያለሁ» ይላታል።

ምድጃው መጥፋቱን በቀን አሥር ጊዜ የምታይ ሴት፣ ይህን ሳታይ ሦስት ቀን ከረመች። የጋራዡ ዕቃ ሁሉ በሌባ ተጠራርጎ ተወስዶ ባዶው ግድግዳ ታያት።

ከሰኞ ወዲህ እግሯ ወደ ጋራዡ አልሄደም። ሰኞ ጠዋት ተጣልተው ነበር። ነገሩ ሰው ተቀምጦበት የሚነዳው የሣር ማጨጃ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ሠራተኛ ያመጣው። ከሞተሩ ክዳን ብሎኖች አንዱ ዝጎ አልፈታ ስላለ፣ ማሽኑ ሁለት ሳምንት ጋራዡን አጣቦ ሌላውን ዕቃ ሁሉ ወደ እሷ ግቢ አስወጣው። «ዛሬ ይሄ ነገር ካልወጣ እኔ እወጣለሁ» አለችው። ሳቀና ሄደ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወንድሙ ማሽኑ አጠገብ ወድቆ አገኘው።

ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ትናንት ግን ሻይ ይዛ ስትገባ ሁለት ጎረቤቶች ሲንሾካሾኩ ሰምታለች። ያንን ብሎን ሲታገል ነው አሉ፤ ሚስቱም አጣድፋዋለች። እሷም ሌት ተቀን ለራሷ ስትለው የከረመችው ይህንኑ ነበር።

«ጋራዡ ክፍት ነው» አለች አሁን፣ ቁልፉን ከሚስማሩ እያነሣች።

የባሏ ወንድም በያጅ ነው፤ ዘሎ ተነሣ። ከጠዋት ጀምሮ ስለ ማሽኑ መጠየቅ አፍሮ ጥግ የተቀመጠው የሜዳው ሠራተኛም ተከተላቸው።

የጠፋ ነገር አልነበረም። በያጁ መብራቱን አብርቶ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ረጅም የብረት ቧንቧ ሄደ። ብሎን እንቢ ሲል መፍቻው እጀታ ላይ ሰክተው የሚስቡበት ነው።

«እኔ በዚህ አንዴ ሳብ ላድርገው፣ እትዬ። ወይ ይፈታል ወይ ይለይለታል።»

«ሰኞ ይህን ይዞ አልነበረም?»

«ይህን?» ጣቶቹን አሳያት፤ በአቧራ ጠቁረዋል። «ሸረሪት አድርቶበታል እኮ።»

ወደ ማሽኑ ጠጋ አለች። ብሎኑ ዘይት በጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ በቀጭን ሽቦ ታስሯል፤ ቆስሎ የታሰረ የሕፃን ጣት ይመስላል። ከጎኑ ክዳኑ ላይ በጠመኔ፣ በዚያ በተንጋደደ እጅ ጽሑፉ፣ እንዲህ ተጽፏል፦

ሐሙስ ይወጣል። አትቆጪ።

ሦስት ጊዜ አነበበችው። አልታገለም። ዘይት አጠጥቶ፣ ጠቅልሎ፣ ለእሷ ጽፎ ነበር የጨረሰው። ሰፈሩ «ጋሼ ቀስ» የሚለው ሰው ነው፤ አዲስ ሰው «ቄስ» እየመሰለው ጎንበስ ይልለት ነበር። እንዴት ብላ ነው ይጣደፋል ብላ ያሰበችው?

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ሐሙስ» አለ የሜዳው ሠራተኛ።

«እንግዲያው አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አቀብለኝ።»

በተጋቡ ሰሞን ማሽን ሥር ተኝቶ «ቁልፍ አቀብዪኝ» ቢላት፣ ሮጣ የቤቱን በር ቁልፍ አምጥታለት ነበር። እሱም ተቀብሎ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ ብሎኑ ላይ ሞከረው። «ጠበበ» አላት። ከዚያ አጠገቡ አስቀምጦ አስተማራት፤ የተጣበቀ ብሎን መጀመሪያ ትንሽ አጥብቂው፣ ዝገቱ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ፍቺው።

ጨርቁን ፈታች። ቁልፉን ገጠመችና ወደ ማጥበቂያው ገፋችው።

«እትዬ፣ በተቃራኒው ነው» አለ በያጁ።

«ቀስ» አለችው።

ከብረቱ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ደረቅ እንጨት ሲቀነጠስ እንደሚሰማው ያለ። ከዚያ ወደ ግራ ሳበችው። ትንሽ ሄደ፤ ትንሽ ጨመረ። ቀሪውን በጣቷ አዙራ አወጣችው። የሜዳው ሠራተኛ ባርኔጣውን አወለቀ።

በያጁ ነገ መጥቶ ሞተሩን እንደሚጨርስ ነገራትና ሁለቱም ወጡ። እሷ ክዳኑን በጨርቅ ልትወለውል ብላ፣ ጠመኔው ጋ ስትደርስ ተወችው።

ውጭው ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሯል። በሩን ገጠመችና ቁልፉን አዞረች። እንደ ልማዷ እጀታውን ደጋግማ ልትስብ እጇን ዘርግታ መለሰችው። ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

«ቆልፌያለሁ» አለች፣ ኪሷን መታ መታ አድርጋ።