የሸፋሊ ውስጥ እግር

ሸፋሊ ስኳር ከያዛት ቆይቷል። እግሯ ደንዝዟል፤ እሾህ ቢወጋት፣ ፍም ብትረግጥ አታውቅም። የጤና ጣቢያ ነርስ ውስጥ እግሯ በየቀኑ እንዲታይ፣ ቁስል ወይም መቅላት ከተገኘ ሳትውል ሳታድር እንድትመጣ አስጠንቅቃታለች። ግን ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፣ ጉልበቷም አይታጠፍም። ልጅ አልወለዱም። የሚያይላት ባሏ ኒባራን ብቻ ነበር።

እሱማ ፈቃደኛ ነው። እምቢ ያለችው እሷ ናት። በእኛ በቤንጋል መንደር ሚስት የባሏን እግር ነክታ ትሳለማለች እንጂ ባል የሚስቱን አይነካም፤ ከነካ ኃጢአቱ የሷ ነው። ጎረቤታቸው ነኝና ክርክራቸውን በግድግዳው በኩል እሰማለሁ።

«አንቺ ሴት፣ እግርሽ ሥር ወርቅ ቀብረሻል እንዴ? አሳዪኝ» ይላታል።

«በእርጅናዬ ሲኦል ሊከቱኝ ነው? ይተዉኝ» ትላለች።

ይስቃል፤ ይተዋታል። እኔ ብሆን አስሬም ቢሆን እግሯን አይ ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ ሴቶቻችን በየቤቱ ገብታ ሀብት ታመጣለች ለምትባለው አምላክ ለላክሽሚ ሲሰግዱ የእግራቸውን ዳር ዳር በቀይ ቀለም ይቀባሉ። ሸፋሊም እንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠምጥማ እንደምንም ትቀባለች። አንድ ሐሙስ ኒባራን ከማድ ቤት እስከ በረንዳ ሲሚንቶው ላይ ቀይ ዱካ አየ። ቀለሙ ሳይደርቅ የተነሣች መሰለው።

«እሰይ፣ ላክሽሚ ራሷ ቤታችን ገባች» ብሎ ቀለደባት። እሷም ደስ አላት። ዱካውን በእርጥብ ጨርቅ የወለወለው እሱ ነው። በማግስቱም ነበር፤ ያንንም ወለወለ። ደም መሆኑ የገባው ቤቱ መሽተት ሲጀምር ነው።

ሆስፒታል ስናደርሳት እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጠቁሯል። ሐኪሙ ከውስጥ እግሯ የዛገ ሚስማር አወጣና ከጉልበቷ በታች መቆረጥ አለበት አለ። ኒባራን እግሯን አልጋው ላይ ሊያስተካክልላት እጁን ሲሰድ በዚያ ሁሉ ትኩሳት ውስጥ ሆና ከለከለችው፤ ነርሷ ትያዘው አለች። ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ወሰዷት።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሠራተኛ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወጣ። እንደ ሬሳችን ሁሉ ወስደን ወንዝ ዳር እናቃጥለው ዘንድ ነው። ልቀበልለት እጄን ብዘረጋ ኒባራን ገፋኝ። ታቅፎት አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ጨርቁን ገለጠ፣ ውስጥ እግሯን አየ፣ በመዳፉ ዳበሰው።

ቆይቶ ቀና አለ።

«እንደነካሁት እንዳትነግራት» አለኝ።